በር አትዝጉባቸው
በሐሰተኛ አስተማሪ ስለ ተሳሳቱ ወገኖቻችን በአማርኛ የሬዲዮ ዝግጅት የተሰጠ ንግግር

በኔቬ ዮሴፍና በሌሎቹ የሃይፋ ሰፈሮች የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ገና ኡልፓን የምትማሩም፣ ብዙ ዓመት የቆያችሁም፣ ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ይህን ንግግር በሬዲዮ ሳትሰሙት ቀርታችሁ አሁን በጋዜጣችን ላይ ለምታነቡትም እንዲሁ።

ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት የምንነጋገረው ስለ ቢቱዋህ ለኡሚ ወረቀት፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ ነው። ዛሬ ግን በየቤታችን ያለ፣ በአደባባይ ግን የማንናገረው አንድ ነገር ላነሳላችሁ ፈልጌአለሁ። እግዚአብሔርን ፈልገው ሲወጡ በሐሰተኛ አስተማሪ እጅ ስለ ወደቁ ሰዎች ነው። ስለ አታላዮቹ ብዙ እንናገራለን። ስለ ተታለሉት ግን «ምን ዓይነት ሞኝ ነው!» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለንም። ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚጎዳ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ማን እንደ ሆኑ የሚያሳውቀውንም ነገር ለውጬዋለሁ። ከባለቤታቸውና ከትንንሾቹ ልጆቻቸው ጋር እስራኤል ሲገቡ የበኩር ልጃቸው ባል አግብታ ስለ ነበረ ጎንደር ቀረች። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በሀገር ቤት ሰው ያልቀረበት ቤት በመካከላችን ጥቂት ነው። እኚህ እናት ወረቀት አስገቡ፣ «ጠብቂ» ተባሉ፣ ጠበቁ። እንደገና ሄዱ፣ እንደገና «ጠብቂ» ተባሉ። እንቅልፍ አጡ። አንድ ቀን አንድ ሰው «የልጅሽ ጉዳይ የታሰረ ነው፤ እኔ በጸሎት እፈታዋለሁ» አላቸው። ይህ ሰው የየትኛውን ሃይማኖት ልብስ እንደሚለብስ አልነግራችሁም፤ ሐሰተኛ አስተማሪ በሁሉም ልብስ ይመጣልና።

መጀመሪያ ገንዘብ አልጠየቃቸውም፤ አዳመጣቸው። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ እኛ ጎረቤቶቻቸው ቁጭ ብለን አላዳመጥናቸውም ነበር። ቀጥሎ ለጸሎቱ መክፈቻ ሁለት ሺህ ሼቄል አላቸው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጨምሪ አለ። ከዚያ «ለባልሽ አትንገሪ፣ ነገሩ ይበላሻል» አለ። በመጨረሻም ጹሚ አላቸው፤ ጾሙ እስኪፈጸም ድረስ የስኳር በሽታ መድኃኒታቸውን እንዲተዉ አዘዛቸው፤ መድኃኒት መዋጥ የእምነት ማነስ ነው ብሎ። በአራተኛው ቀን ደረጃው ላይ ወድቀው ተገኙ። አምቡላንስ ወሰዳቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፉ።

ከሆስፒታል ሲመለሱ ባለቤታቸው አልተቆጡም፤ ዝም አሉ። ዝምታው ከቁጣ የከፋ ነበር። ሰፈሩ ግን ዝም አላለም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ? ምሳር ከያዙት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከፎቁ ሥር ከሰዎች ጋር ቆሜ «ይህን ሁሉ ገንዘብ ለአታላይ!» ብዬ ስስቅ መስኮታቸው ክፍት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እኚህ እናት ቡና ላይ አልመጡም፤ ለሰንበትም አልወጡም። በኋላ የሰማሁት ደግሞ የባሰ ነው፤ ወደዚያው ሰው ተመልሰው ሄደው ነበር። ለምን ቢሉ፣ እሱ አልሳቀባቸውማ።

ወገኖቼ፣ ሐሰተኛው አስተማሪ አንድ ጊዜ ወሰዳቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ግን ገፍተን የሰጠናቸው እኛ ነን። ዛሬ ልናገረው የመጣሁት ይህንኑ ነው። በአታላዩ ላይ መቆጣት ይገባል። የተታለለውን ግን ማባረር የአታላዩን ሥራ መጨረስ ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሰፈራችን የተሠራችበት ተራራ ቀርሜሎስ ነው። ነቢዩ ኤልያስ ከ450 የበኣል ነቢያት ጋር የተፋጠጠው በዚሁ ተራራ ነው። ያን ጊዜ በምድሪቱ ላይ ጽኑ ድርቅ ነበር። በኣል ደግሞ የዝናብ ጌታ ነው ይባል ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ማሳው የተሰነጠቀበት፣ ከብቱ ያለቀበት ገበሬ ወደ በኣል ቢሄድ የሄደው ክፋት ፈልጎ ነውን? ዝናብ ፈልጎ ነው። ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል።

ኤልያስ ታዲያ ምን አደረገ? ሐሰተኞቹን ነቢያት በቂሶን ወንዝ አጠገብ ፈረደባቸው፤ ያ ወንዝ ዛሬም ከታች በሃይፋ በኩል ወደ ባሕር ይገባል። ሕዝቡን ግን ወደ ራሱ እንዲቀርብ ጠራው። የፈረሰውን መሠዊያ በዓይናቸው ፊት በ12 ድንጋይ ሠራ፤ እግዚአብሔርም ልባቸውን እንዲመልስ ለመነላቸው። በኋላ ዝናቡ ሲወርድ በተታለለው ማሳ ላይም፣ ባልተታለለው ማሳ ላይም እኩል ወረደ። በኤልያስ ዘንድ ለአሳቹና ለተሳሳተው አንድ ፍርድ አልነበረም። እኛ ከዚያው ተራራ ላይ ተቀምጠን ሁለቱን ለምን እንቀላቅላለን?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ወደ ቤተ እስራኤል ታሪክ ልውሰዳችሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በዚህ ሀገር አቆጣጠር ነው። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ በ1860፣ ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ ወደ አባቶቻችን መንደር ገባ። ማርቲን ፍላድ የሚባለውም በዚያው ሥራ ብዙ ዓመት ቆየ። በየመንደሩ ክርክር ሆነ፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ። ካህናቶቻችን ወደ እየሩሳሌም የመመለሻው ጊዜ ደርሶ እንደ ሆነ ለመጠየቅ ደብዳቤ ጻፉ። በዚህ ሁሉ ጭንቀት መካከል፣ በ1862፣ አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ ተነሡ። ጊዜው ደርሷል፣ ወደ እየሩሳሌም እንሂድ አሉ። ብዙ ሰው እርሻውንና ቤቱን ጥሎ ተከተላቸው። ለሙሴ እንደ ተከፈለው ቀይ ባሕርም ይከፈልልናል ብለው አመኑ። በእግራቸው ወደ ሰሜን ተጓዙ። አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ግን ረሀብና በሽታ ጣላቸው። ብዙዎቹ እዚያው አለቁ። ከተረፉት ከፊሉ ትግራይ ውስጥ ቀረ፤ ከፊሉ ባዶ እጁን ወደ ጎንደር ተመለሰ።

አባ ማህሪን ገንዘብ ከሚሰበስብ አታላይ ጋር አልቆጥራቸውም። ከሕዝባቸው ጋር የተጓዙ፣ ራሳቸውም ያመኑ ሰው ናቸው። ነገር ግን የመሩበት መንገድ አላደረሰም። እኔን የሚያሳስበኝ ባዶ እጁን የተመለሰው ሰው ነው። ልጁን በመንገድ ቀብሮ፣ በሬውን ሸጦ፣ ጥሎት ወደ ሄደው እርሻ አጠገብ ሲመለስ ጎረቤቱ ምን ብሎ ተቀበለው? «ባሕሩ ተከፈለልህ?» ብሎት ይሆን? ወይስ እንጀራ አቀረበለት?

አሁን ከ1862 ወደ 1984 ኑ። ያኔም ወላጆቻችን ቤታቸውን ጥለው በሌሊት ወጡ። ያኔም የሚሄዱት ወደ እየሩሳሌም ነበር። በሱዳን በረሃና በመጠለያ ጣቢያዎቹ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንደ አለቁ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው በየዓመቱ በሄርጽል ተራራ ይደረጋል። ከመንደር ሲወጡ ላያቸው ሰው የ1862ቱና የ1984ቱ መንገደኛ ምን ይለያቸው ነበር? ናፍቆታቸው አንድ ነው። አንደኛው አልደረሰም፤ ሁለተኛው አውሮፕላን መጥቶለት ደረሰ። እንግዲህ የደረስን እኛ ባልደረሱት ላይ የምንስቅበት አፍ ከየት እናመጣለን?

«ይህ የሚሆነው ፊደል ባልቆጠረ ሕዝብ ላይ ነው» የሚልም አይጠፋም። አይደለም። በ1665 እና በ1666 ከኢዝሚር ከተማ የተነሣ ሻብታይ ጽቪ የሚባል ሰው መሲሕ ነኝ አለ። ከየመን እስከ ፖላንድ፣ ከቱርክ እስከ ሆላንድ የነበሩ አይሁድ፣ ነጋዴውም ሊቁም ሳይቀሩ አመኑት። የሃምቡርግዋ ግሊክል ስለ ሕይወቷ በጻፈችው መጽሐፍ ስለ አማቷ ትነግረናለች። ሰውየው ወደ እየሩሳሌም ለሚደረገው ጉዞ ብለው ልብስና የማይበላሽ ስንቅ፣ አተርና ባቄላ፣ የደረቀ ሥጋም ሳይቀር በትልልቅ በርሜል አሽገው ልከው ነበር። በርሜሎቹ ሳይከፈቱ ብዙ ጊዜ ቆዩ። ሻብታይ ጽቪ ግን በመስከረም 1666 በሱልጣኑ ፊት ሃይማኖቱን ለወጠ። እናንተ በጎንደር ቤታችሁን ሸጣችሁ፣ ሻንጣችሁን አሥራችሁ ስንት ዓመት የተቀመጣችሁ ወገኖቼ፣ የእኚያን ሽማግሌ በርሜል ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። በርሜሉን ያሸገው ሞኝነት አልነበረም፤ ናፍቆት ነበር።

አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር። ከ1888 እስከ 1892 በሀገራችን ክፉ ቀን ሆነ። የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጀ፣ እርሻ ቆመ፣ ሕዝብ አለቀ። ቤተ እስራኤልም እንደ ሌላው ሕዝብ ረገፈ። ሕይወቱን ለማትረፍ ሃይማኖቱን የለወጠ ብዙ ነበር። ከመካከላችን በቅርብ ዓመታት የገቡ ብዙ ቤተሰቦች የእነዚያና ከእነሱ በኋላ በልዩ ልዩ ምክንያት የተለወጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። ዛሬ በአውቶቡስ ማቆሚያ፣ በማትናሱ በር ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም በልጆች ጠብ ውስጥ ይህ እንደ ስድብ ሲወረወር እሰማለሁ። እባካችሁ ይህን እንተው። ቅድመ አያትህ በረሀብ ጊዜ የማንን በር እንደ አንኳኳች ሳታውቅ፣ የሌላውን ቅድመ አያት በር አትቁጠርበት።

በዚህ ጉዳይ ሊቃውንቶቻችን ምን አሉ ብላችሁ ብትጠይቁ ራምባምን እጠራላችኋለሁ። መቃብሩ ከእኛ ብዙ በማይርቀው በጥቬርያ ከተማ ነው። በዘመኑ ብዙ አይሁድ በግድ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተደርገው ነበር። አንድ አዋቂ «እነዚህ ሰዎች በስውር ቢጸልዩም ጸሎታቸው ከንቱ ነው» ብሎ ቢፈርድባቸው ራምባም ተቆጣ። በስውር የሚጸልየውን ሊያቀርቡት እንጂ ሊያርቁት አይገባም ብሎ ጻፈ።

በ1172 ደግሞ የየመን አይሁድ ጭንቅ ላይ ወድቀው ሳሉ አንድ ሰው የመሲሕ ነገር አለኝ ብሎ ተነሣ፤ ብዙዎችም ተከተሉት። ራምባም ከግብፅ ደብዳቤ ላከላቸው። በሰውየው አልደነቅም አለ፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ነውና። በተከታዮቹም አልደነቅም አለ፤ ችግራቸው ከባድ ነው፣ ነገሩንም አያውቁትም። የተደነቀው ተምረው ሳለ በተጠራጠሩት ላይ ነው። ደብዳቤውንም ሴቱም ወንዱም ሕፃኑም እንዲሰማው ብሎ በሚናገሩት ቋንቋ በዓረብኛ ጻፈው። ልብ በሉ፤ ነገሩ ስሕተት እንደ ሆነ በግልጽ ነግሯቸዋል፣ እውነቱን አልሸፈነም። ነገር ግን ወቀሳውን በተማረው ላይ፣ ርኅራኄውን በተጨነቀው ላይ አደረገ። እኛ ብዙ ጊዜ ገልብጠን እናደርገዋለን።

ከዚህ በኋላ «እሺ፣ በቤቴ እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር ምን ላድርግ?» የምትሉ ትኖራላችሁ።

አስቀድሞ ሐሰተኛውን አስተማሪ ዕወቁት። ለበረከት ዋጋ ያወጣል። «ለቤተሰብህ አትንገር» ይላል። ከባል፣ ከሚስት፣ ከወላጅ፣ ከሽማግሌ ይለያል። መድኃኒት ያስጥላል። «ዛሬ ካላደረግህ መዓት ይመጣብሃል» ብሎ ያስቸኩላል። እውነተኛ ቄስ፣ እውነተኛ ራቢ ከእነዚህ አንዱንም አይልም። ስጦታ ወይም ገንዘብ ሰጥቶ ሃይማኖት ለማስለወጥ የሚሞክርም ቢመጣ፣ በ1977 የወጣ ሕግ ይህን እንደሚከለክልና ሰጪውን እስከ አምስት ዓመት እስራት እንደሚያስቀጣ ዕወቁ። ሕጉ ለዚሁ ብሎ የሚቀበለውንም ስለሚመለከት እንዲህ ያለውን ስጦታ አትቀበሉ።

ለተሳሳተው ሰው ግን እንዲህ አድርጉ። ኦሪታችን የወንድምህን በሬ ጠፍቶ ብታገኘው አይተህ አትለፈው ይላል፤ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ ወደ ቤትህ ወስደህ ትጠብቀዋለህ። እናንተ ከብት ያረባችሁ ሰዎች ናችሁ። የጠፋ በሬ ያገኘ ሰው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ያጠጣዋል። «ለምን ጠፋህ?» ብሎ የሚደበድበው የለም። ከደበደበው ተመልሶ ይሸሻል።

ስለዚህ አትሳቁበት። «ምን ፈልገህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም እስኪጨርስ ስሙት። ብዙ ጊዜ ከነገሩ ሥር የታመመ ልጅ፣ የቀረ ዘመድ፣ ያልተከፈለ ዕዳ፣ ወይም ብቸኝነት አለ። ያንን ልትረዱት ትችሉ ይሆናል። «ወይ እሱን ወይ እኛን ምረጥ» አትበሉ፤ አታላዩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሰንበት ማታ ቦታው በማዕድ ላይ ይጠበቅለት፤ ባይመጣም ሳህኑ ይቀመጥ። እግዚአብሔርን መፈለጉ ደግሞ ጥፋት እንዳልሆነ ንገሩት። ወደ ቄሶቻችን፣ ወደ ጸሎት ቤታችን አብራችሁት ሂዱ፤ ላኩት አላልኋችሁም፣ አብራችሁት ሂዱ።

ርኅራኄ ማለት ግን ዝም ብሎ ማየት አይደለም። መድኃኒት ካቆመ በዚያው ቀን ወደ ኩፓት ሆሊም ሐኪም ውሰዱት። ልጆች አደጋ ላይ ከሆኑ፣ ወይም የሚያስፈራራ ሰው ካለ፣ ለኦቬደት ሶትሲያሊት ወይም ለፖሊስ ንገሩ። ገመና ነው ብላችሁ አትደብቁ። ሰውን ከገደል አፋፍ መሳብ ገመና ማውጣት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ተታልያለሁ ብላችሁ በኀፍረት ቤታችሁን ለዘጋችሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ከእንግዲህ ሰው አላምንም፣ ጸሎትም አልጸልይም ማለት ይመጣባችኋል። ሐሰተኛ ሼቄል ደርሶን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን እውነተኛውን ሼቄል አልጣልንም። የሰረቃችሁ ያ ሰው ነው፤ ኀፍረቱ የእሱ ነው። እናንተ የፈለጋችሁት መልካም ነገር ነበር።

ንግግሬን በጀመርሁበት ቤት ልጨርስ። ከነገሩ ከወራት በኋላ አንዲት ባልቴት ጎረቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዕብራይስጥ የማይናገሩ፣ ጀበናቸውን ይዘው ደረጃውን በዝግታ ወጡ። በሩን አንኳኩ። ሲከፈትላቸው ስለ ምንም ነገር አልጠየቁም። «ልጄ፣ ቡና ብቻዬን መጠጣት አልሆነልኝም» አሉ፣ ገቡም። በማግሥቱም መጡ። በሦስተኛው ሳምንት እኚያ እናት ለሰንበት ወጡ። ወደዚያ ሰው መሄዱን ያስቀረው ከእኔ ምክር ይልቅ የባልቴቷ ጀበና ነው።

እኔም ሄድሁ፤ ብዙ ዘግይቼ ሄድሁ። ስስቅ ሰምተውኝ እንደ ሆነ ጠየቅሁና ይቅርታ ለመንኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እኔ እኮ የፈለግሁት ልጄን ነበር» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። ልጃቸው አሁንም ጎንደር ናት። አሁን ግን ሲጠብቁ ብቻቸውን አይደሉም፤ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብላቸው፣ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ የሚከተላቸው ሰው አለ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በዚህ ሳምንት በፎቃችሁ ውስጥ ቡና ላይ መምጣት ያቆመ ሰው ካለ፣ እስቲ በሩን አንኳኩ። ምን እንደ ሆነ አትጠይቁ። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ስሙ።

እስከሚቀጥለው ዝግጅታችን ድረስ በሰላም ቆዩ። በሀገር ቤት የቀሩትን በሰላም ያገናኘን። ሰላመ ሰንበት ይሁንላችሁ።